ደሜን ያልነካችው ዶክተር

ሰው ሳላይ በፊት ድምፅ ሰማሁ። ከደንገሉ ማዶ ብረት ከጠጠር ጋር ይፋተጋል... ቸር... ቸር... ። ታንኳዬን ገፋ አድርጌ ብጠጋ፣ አንዲት ሴት ረጅም የጎማ ጫማ ተጫምታ በወንፊት የጣናን ጭቃ ትዝቃለች።

«እመቤት፣ ዓሣ በወንፊት አይያዝም!» አልኋት።

«ቀንድ አውጣ ነው የምለቅመው» አለች ቀና ብላ።

«ደግሞ እሱ ይበላል እንዴ?»

ሳቀች። መዘዜ የጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

ዶክተር ዜማ ትባላለች። ዶክትሬቷን ጨርሳ ለሁለት ዓመት ምርምር ነው ባሕር ዳር የመጣች። የቢልሃርዚያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። «ክትባት የለውም፤ የድሃ በሽታ ነውና ችላ ብለውታል» አለችኝ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከአባቴ ታንኳ ጋር ብቻዬን የቀረሁ ሰው ነኝና፣ ችላ መባልን አውቀዋለሁ።

ከእኛ ከዓሣ አጥማጆቹ መካከል ውኃ ውስጥ እየዋልን የማንታመም ጥቂቶች ነበርን። ደማችን በሽታውን በምን እንደሚመክተው አውቃ ክትባት ልትሠራበት ፈለገች። ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሰው ሰበሰብሁላት። በየወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዓሣ ማራገፊያው ዳር፣ ክንዴን ራሷ አስራ ደም ትቀዳኛለች።

«አመመህ ጌትነት?»

«እርስዎ ሲወጉኝ አያምም።»

«እርስዎ አትበለኝ። አንቺ በለኝ።»

«እሺ... አንቺ።»

ያችን «አንቺ» ታንኳ ላይ ለብቻዬ ስደጋግማት ሰነበትሁ።

ሥራው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ግን መጣችና ከሩቅ ቆመች። መርፌውን ይዞ የመጣው ረዳቷ ቴዎ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ያንተን የምቀዳው እኔ ነኝ» አለኝና ክንዴን አሰረ።

የአሥራ ሦስቱን ሰዎች ደም በእጇ ቀዳች። የእኔን ብልቃጥ ቴዎ ሊያቀብላት ሲል ግን እጇን ሰበሰበች።

«ጌቴ፣ ዓሣ ዓሣ ሸተሃት ይሆናላ!» አለ ጓደኛዬ ደሞዝ። ሁሉም ሳቁብኝ።

ተጸየፈችኝ! እንዳቃጠለችኝ ላቃጥላት ማልሁ። ደሞዝ በጥር ነው ሚስት ያገባ፤ ከእሱ ጀመርሁ።

«ሰማህ? ከደማችን የሚሠራው መርፌ ያመክናል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጎርጎራ ሰምቼ ነው የመጣሁ።»

ጎርጎራ ከሄድሁ ዓመት አልፎኛል። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ!

የመጨረሻው ማክሰኞ ደረሰ። በረዶ የሞላ ሳጥኗን አስቀምጣ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። እኔ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መረብ እጠግናለሁ።

«ጌትነት፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«እኔ ምን አውቄ! እርስዎ የተማሩት ይወቁ እንጂ።»

«እርስዎ?...» አለች። «የዛሬው ደም ከሌለ እኮ የሁለት ዓመቱ ልፋት ከንቱ ነው።»

«ከተማ ይሂዱና ይፈልጉ። የማይሸት ሰው አይጠፋም።»

ግራ ገብቷት ወደ መኪናው ሄደች። ይበላት! አልሁ በልቤ። ቴዎ ግን ኮሌታዬን ያዘኝ።

«ምን አደረገችህ?»

«ተጸየፈችኛ! ደሜን ለመንካት ተጸየፈች!»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንተ ሞኝ! በእኛ ሥራ የወደዱትን ሰው ደም መመርመር ክልክል ነው፤ ሚዛን ያስታል። ራሷ ናት ለአለቆቿ የጻፈች፦ ‹ይህን ሰው ወድጄዋለሁ፣ የሱን ሌላ ሰው ይያዝልኝ› ብላ። ተወቅሳበታለች እኮ! ሥራው ሳያልቅ ልትነግርህ አትችልም ነበር። ዛሬ ልትነግርህ ነበር...»

እየሮጥሁ ደሞዝ ቤት ሄድሁ። ሌሎቹንም አስጠራሁ።

«ዋሸሁ! ያመክናል ያለ ሰው የለም። ከራሴ አፍ ነው የወጣ።»

ደሞዝ በጥፊ አጮለኝ፤ ደገመኝ። «ልጅ ላንወልድ ነው ብዬ ሚስቴን ስንት ቀን እንዳስለቀስኋት ታውቃለህ?»

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሦስቱም እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ። እኔንም ቴዎ ቀዳኝ። የአንድ ቀን መዘግየት ሥራውን አላበላሸውም፤ ምርምሯ ተረፈላት። ሁሉም ሲበተኑ ተጠጋኋት።

«ዜማ... ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ። የጠላሽኝ መስሎኝ... ልበቀልሽ ብዬ።»

«ቴዎ ነገረህ?»

«ነገረኝ።»

«የጻፍኩት እውነት ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። «ወሬው የት ደረሰ?»

መዋሸት አማረኝ። አልዋሸሁም።

«አንበሳሜ ገበያ ደርሷል። እናቶች ትምህርት ቤት የሚሰጠው የቢልሃርዚያ ክኒን እንኳ ለልጆቻችን አይሰጥም ብለዋል አሉ።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ዜማ፣ ቤት ለቤት እየዞርሁ እመልሰዋለሁ! ውሸታሙ እኔ ነኝ እላለሁ!»

ይህን ቃሌን ጠብቄአለሁ። አንበሳሜንም ዋንዛዬንም በእግሬ አዳርሻለሁ፤ የሰደቡኝም የደበደቡኝም አሉ። እሷን ግን ዳግመኛ አላየኋትም።

ያን ዕለት ጓንቷን አወለቀች። ሳጥኗን አነሣች። ላግዛት እጄን ብዘረጋ በጎኔ አለፈችኝ።

«ዜማ! አንድ ነገር በይኝ... ስደቢኝ እንኳ!»

የመኪናውን በር ከፍታ ገባች። ቴዎ ሞተሩን አስነሣ። ሄደች።