ሁለት ቁርጥ ያለው ጆሮ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ ያለኸው፣ መቀርቀሪያውን ጣልና ና። የምነግራችሁ ነገር የሆነው እንደዛሬው ጭጋግ በወረደ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በገደሉ አፋፍ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ያን መንገድ ሰው ብቻውን አይሄድበትም። ክፍሌ ግን ሄደ።

ለምን ሄደ? ወንድሙ ጠርቶት ነዋ።

በዚያ አገር በግ የሚታወቀው በጆሮው ነው። የክፍሌ አባት በጎች ግራ ጆሯቸው ላይ አንድ ቁርጥ ነበራቸው። አባት ሲሞቱ በጎቹ ለሁለቱ ልጆች ቀሩ፤ ለታላቅየው ለወንዳፍራሽና ለታናሽየው ለክፍሌ። ክፍሌ ለአባቱ ተዝካር እህል ሊገዛ ቆላ ወረደ። ሲመለስስ? በየበጉ ጆሮ ላይ ሁለተኛ ቁርጥ ተጨምሯል። ወንዳፍራሽ፣ ይህ የኔ ምልክት ነው ብሎ ማለ። ሽማግሎችም ጆሮ አይተው ፈረዱለት። ለክፍሌ አንዲት ጠቦት እንኳ አልደረሰችውም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? ክፍሌን ያንገበገበው የበጎቹ ነገር አይደለም። በልጅነቱ አንድ የሱፍ ባና አብሮት ለብሶ ያደረ ወንድሙ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ በሐሰት መማሉ ነው። ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ሰው የሱፍ ባና ተከናንቦ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ፊቱ አይታይም። ወንድምህ ታሟል፣ በጎችህን ሊመልስልህ ነው፣ ዛሬውኑ ብቻህን ና ብሎሃል አለና ሄደ። እናንተ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? ክፍሌ ወንድሙን ናፍቆ ነበር። ሄደ።

መጀመሪያ የሰማው የበግ ድምፅ ነው። በግ ግን የለም። ትንሽ እንደሄደ እርጥብ ሱፍ ሸተተው። ሰው ግን የለም። ደግሞ ትንሽ እንደሄደ፣ ያ ባና የተከናነበው ሰው ፊት ፊቱ ሲሄድ አየ።

«መጣህልኝ ክፍሌ?» አለ ሰውየው ሳይዞር። ድምፁ የወንዳፍራሽ ነው። «በጎችህ ከታች ናቸው። ተከተለኝ።»

ክፍሌ እንባው መጣ። ይቅር ብዬሃለሁ ሊል አፉን ሲከፍት ነፋስ ባናውን ገለጠው። የሰውየው ግራ ጆሮ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ክፍሌ ቁልቁል ቢያይ፣ የቆመው ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። ወዲያው ቀዝቃዛ እጅ ጭንቅላቱን ያዘው።

«ምልክት ያደረግሁበት ሁሉ የኔ ነው።»

ክፍሌ እንደምንም አምልጦ ሮጠ። ወንድሙ ቤት ሲደርስ ለቅሶ ነው። ወንዳፍራሽ ትናንት ተቀብሯል። ታዲያ ዛሬ ማን ላከብኝ ብሎ የሟቹን ሚስት ጠየቃት።

«ማንም አልላከብህም» አለች። «ክፍሌ መቃብሬ አጠገብ እንዳይደርስ ብሎ ነው የሞተው።» ከዚያ ትክ ብላ አየችው። «አንገትህ ላይ ያለው ደም ምንድን ነው?»

ክፍሌ ግራ ጆሮውን ዳበሰ። አንድ ቁርጥ። ጣቱ ዝቅ ሲል፣ ሁለት።

እንግዲህ ጭጋግ ሲወርድ ብቻችሁን አትውጡ፤ ወንድም ቢጠራችሁም አትውጡ። አሁን ደግሞ፣ እስቲ ሁላችሁም ግራ ጆሯችሁን ዳብሱ።