ሐይቁ የት ሄደ?

«ሐይቁ ጎደለ! በአንድ ሌሊት ሠላሳ ሜትር ወረደ» አለ ወንድሟ በስልክ። ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል። «እሳቱ ደክሞታል ማለት ነው። ስለዚህ አታካብጂ፣ ፕሮፌሰሯ!»

እህቱ ገና ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሱ ግን፣ እናቱ አትሂድ ብላ ለምና ያቃታት ልጅ፣ በረሃ መሐል ባለ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ የአጥኚዎች መሣሪያ ይጠብቃል። ምድር ለሁለት ተሰንጥቃ በየዓመቱ የምትራራቅበት ቦታ ነው፤ በተራራው አፍ ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ሠርቶ ይንተከተካል። አጥኚዎቹ ውሃና ነዳጅ ሊያመጡ ወደ ታችኛው ሰፈር ወርደዋል። እስከ ነገ ወዲያ ብቻውን ነው።

«የላክሁልሽን ፎቶዎች አየሻቸው?»

አይታቸዋለች። ድንኳኑ አጠገብ ያለ ስንጥቅ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ፣ አጥኚዎቹ ሲያደርጉ እንዳየው፣ ሰማያዊ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነው ያነሣው። የትናንቱ ስንጥቅ ከእስክሪብቶው ውፍረት አይበልጥም። በዛሬው ፎቶ እስክሪብቶው እንደ ድልድይ ተጋድሟል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ መሬት ነክተዋል።

«ሰፍቷል እኮ!»

«መሬት አይደል? ይሰፋል፣ ይጠባል። ብቻ ለአለቃዬ እንዳትናገሪ! ‹ውረድ› ትለኛለች፣ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። ለእማዬማ ጭራሽ! በሞቴ!»

ሌላ ነገር አጥቶ ነው በሞቱ የሚያስምላት?

«ምን አለ?» አለች እናቷ ከጓዳ።

«ደህና ነኝ አለ።»

የጂኦግራፊ መጽሐፏን ከፈተች። ሐይቁ ሲሞላና ሲገነፍል አደጋ ነው ይላል። ሲጎድልስ? ብታገላብጥ ምንም የለም። ጎደለ ማለት በረደ ማለት ነው? የበረደ ነገር ታዲያ ስለ ምን መሬት ይሰነጥቃል?

«ነይ እስቲ አንቺ!» እናቷ ተጣራች። «ጠዋት የሞላሁት በርሜል ግማሽ ሆኗል። ፀጉርሽን በስንት ባልዲ ነው የታጠብሽው?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ጅብ ጠጣው?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ በርሜሉን ዞረችው። ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ውሃው በዚያ ሾልኮ፣ በግድግዳው ሥር ተስቦ፣ ማንም ባልጠበቀው በኩል መኝታ ቤት ገብቷል። የእናቷ ነጠላ ጫማ አልጋው ሥር ይንሳፈፋል።

«አልጠፋም» አለች ቀስ ብላ። «ጎደለ እንጂ አልጠፋም። በሌላ በኩል ሄዷል።»

«እሱንማ አየሁት! መጥረጊያውን አምጪ።»

አላመጣችም። የቀለጠ ድንጋይ እንደ ውሃ ይሾልካል? በድንኳኑ ሥርስ? አታውቅም። ከተሳሳተች ወንድሟ እንጀራውን ያጣል፣ እሷንም ዕድሜ ልኩን ያኮርፋታል። ካልተሳሳተችስ?

የወንድሟ አለቃ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ላይ ተለጥፏል፤ እናቷ ለክፉ ቀን ብላ በትልልቁ የጻፈችው ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ሁለቱን ፎቶዎች ላከች። ከዚያ ደወለች።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ የሴት ድምፅ።

እናቷ መጥረጊያውን ራሷ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጅቷ አየቻት። ስልኩን እናቷም እንድትሰማው ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ወንበርም ሳበችላት።