የቆርኪ ንጉሥ

ፈይሰል የተገኘው ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ቀኝ እጁ ተዘርግቶ የዳማውን ገበታ ጥግ ነክቷል፤ ላላወቀ ሰው፣ ቀጣዩን እርምጃ ሲያሰላስል እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። ከወንበሩ ኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ከወይራ የተፈለፈለ ከባድ የገበጣ እንጨት ወድቋል። የገበጣው ጠጠሮች በየጥጉ ተበትነዋል፤ የእንጨቱ አንድ ጫፍ ደም ነክቶታል።

ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ዓርብ ወደ ማታ ግድም ነው። የዲላ ዝናብ አባርቶ ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብ ጠብ ይላል። ክፍሉ ከፈይሰል ቤተሰብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለች፣ በሯ ወደ ጓሮ መንገድ የሚከፈት መጋዘን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሰዎች ይጫወቱባታል። ማኅበራቸው ልማድ አለው፤ በየሳምንቱ አንዱ ተነስቶ ለጀማሪ የሚሆን ጨዋታ ይመክራል፣ ሌሎቹ ይፈርዳሉ፣ ፍርዱን ያለፈው ጨዋታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፋል።

«ገበጣ፦ ለሁሉም» ይላል ግድግዳው። «ኮንከር፦ ካርታ ለማይደብቅ። የሥዕል ግጥጥም፦ ብቻውን ለሚያመሽ።» የመጨረሻው መስመር በመዳፍ ተጠርጓል። ሆኖም ይነበባል፦ «የጋሼ ወልደዮሐንስ ዳማ፦ ለሚያይም ለማያይም።»

«ገዳዩን ገበታው ራሱ ይናገራል» አለ አብዱልአዚዝ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከጨለለቅቱ ቡና ሲያስጭን ውሎ ሲመለስ አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው። ዓይኖቹ ደርቀዋል። «የዓይነ ስውሩ አስተማሪ ገበታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተጣልተዋል። ዛሬ ከሰዓት በዱላው ይህን በር ሲደበድብ ጎረቤት አይቶታል። ምን ቀረ?»

«የቀረውን ልፈልግ ነው የመጣሁት።»

«ፈልጊ። ሰኞ ፍርድ ቤት ታቀርቢዋለሽ። ከለቀቃችሁት ግን መንገድ ላይ እኔ እቀበለዋለሁ። ወንድሜን አፈር አልብሼ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።»

ፀሐይወርቅ ወደ ገበታው ጎንበስ አለች። ቤቶቹ እጅ ሲዳስሳቸው ቆርኪዎቹ እንዳይንሸራተቱ ትንሽ ትንሽ ተቦርቡረዋል። ቀይ የተቀቡት ቆርኪዎች ልሙጥ ጀርባቸውን፣ አረንጓዴዎቹ ደግሞ ጥርሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በወዲያኛው ዳር አንድ ቀይ ቆርኪ ብቻ ተገልብጦ ጥርሱን አውጥቷል። እሷም በልጅነቷ እንዲሁ ነበር የምትጫወተው፤ ዳር የደረሰ ይገለበጣል፣ ይነግሣል። ፎቶ አስነስታ ገበታውን ከነቆርኪዎቹ ይዛ ወጣች።

ያን ምሽት ጋሼ ወልደዮሐንስ ታሰሩ። ግማሹ በጥርጣሬ ነው፤ ግማሹ ግን ከአብዱልአዚዝ ለመሰወር።

ቅዳሜ፣ ከቀብር በኋላ፣ ፀሐይወርቅ የማኅበሩን ሰዎች በየቦታቸው ዞረች። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበራት፦ «ለእኔ ዓይነት ጀማሪ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ሰው ስለ ሬሳ ሲጠየቅ ይጠነቀቃል፤ ስለሚወደው ጨዋታ ሲጠየቅ ግን ራሱን ይረሳል።

ገሪማ በአንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምራል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም እንደ ሸሚዙ ነው።

«የጋሼን ዳማ» አለ ሳያመነታ። «ባለፈው ቅዳሜ ለማኅበሩ ያቀረብኩትም እኔ ነኝ። ሕጉ አጭር ነው፤ ልጅ ይጫወተዋል፣ ሽማግሌ ይጫወተዋል። ፈይሰል ግን ‹የዕውር ጨዋታ ለዕውር› ብሎ ጽሑፉን ጠረገው። ጋሼም ‹በዚህ እጅህ ታዝናለህ፤ ዓርብ መጥቼ ገበታዬን እወስዳለሁ› አሉት። ሁላችንም ሰምተናል።»

«እስቲ ያስተምሩኝ።»

ገበታውን ከፌስታል አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። ገሪማ እንደ ሰሌዳ ትምህርት እያስረዳ ቆርኪዎቹን ገፋ። አንዱን ቀይ ዳር አድርሶ በአውራ ጣቱ ገለበጠው። «እዚህ ሲደርስ ይነግሣል።»

«ከጋሼ ጋር ብዙ ተጫውተዋል?»

«ኧረ ብዙ። ስንቴ እንዳሸነፉኝ።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «ዓይነ ስውር ናቸው ብለው እንዳያልፏቸው፣ ኢንስፔክተር። የሞተር ሳይክል ድምፅ ሰምተው ማን እንደሚነዳው የሚለዩ ሰው ናቸው። የሰው ጭንቅላት የት እንዳለ ይጠፋቸዋል?»

ሀምዲያ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ ውስጥ ካርቶን በመቀስ ትቆርጣለች። ግድግዳው ላይ የተጻፈው፣ ቁርጥራጩ ሲገጠም ሥዕል የሚሆነው ግጥጥም የእሷ ሥራ ነው።

«ለጀማሪ ግጥጥም ነው። ማንም አያይሽም፣ ብትሳሳቺ ማንም አይስቅብሽም» አለች። ከዚያ ሳትጠየቅ ቀጠለች፦ «ከሌላ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ፈይሰል ሽማግሌ ልኮብኝ እምቢ ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በኮንከር ይበቀለኝ ነበር፤ የምፈልጋትን ካርታ ታቅፎ ቁጭ። እኔ ልሸነፍለት እንጂ እሱ ራሱ ቢሸነፍም ግድ አልነበረውም።»

«ዳማስ ትችያለሽ?»

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ አይደለሁ? ጋሼማ ቀለም ምን ያደርግላቸዋል፤ ለእኛ ነው።» ገበታው ላይ ተጎነበሰች። ጥቂት ተጫወቱ። የሀምዲያ ቀይ ዳር ሲደርስ የተበላ ሌላ ቀይ አንስታ ከላዩ ደረበችው።

ፀሐይወርቅ የሀምዲያን እጅ ልብ ብላ አየች።

ባርናባስን የባጃጁን ጎማ ሲቀይር አገኘችው። የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ሲናገር ግማሹ ቀልድ ነው።

«ገበጣ ነው የሚሻለው። ጉድጓድ መቁጠር ብቻ ነው፤ የእኛ መንገድ ደግሞ አለማምዶናል።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ፈይሰል ‹የባጃጅ ጭንቅላት› ይለኝ ነበር። እኔም ‹ባጃጅ እንኳ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንተ ግን ከተናገርክ አትመለስም› እለዋለሁ። አልወደውም ነበር። ሬሳውን ግን ዛሬ ተሸክሜያለሁ።»

«ገሪማስ እንዴት ነው ጨዋታው?»

«ምክሩ ጥሩ ነው። መጫወት ላይ...» ሳቀ። «ገበታ ሲዘረጋ ቆሞ ያያል፣ ሞቅ ሲል ‹ተማሪዎች ይጠብቁኛል› ብሎ ይሄዳል።»

እሱም ከእሷ ጋር ተጫወተ። ዳር የደረሰውን ቆርኪ እሱም ደረበው።

ጋሼ ወልደዮሐንስ በጣቢያው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ አስተማሪ ናቸው፤ ቀድሞ ለብዙ ዘመን ኢዲዶ በምትባል የቡና ቀበሌ አስተምረዋል።

«አንኳኳሁ፤ አልተከፈተም» አሉ። «ከበሩ ኋላ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር። የያዘ ትንፋሽ ይሰማል። ፈይሰል አኩርፎኝ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«ጋሼ፣ ሞተር በድምፁ ይለያሉ ብለውኛል።»

ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ማን ነው ያለሽ? ያ የኢዲዶ ነገር ነው፣ ልጄ። እዚያ ቤቴ መንገድ ዳር ነበር። ዲላ ከመጣሁ ወዲህ ለማንም አንስቼው አላውቅም።»

እሑድ ጠዋት ፀሐይወርቅ ሞተር ተሳፍራ ኢዲዶ ወጣች። እሸት ቡና በተሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች መካከል ቆመው ቡና የሚለቅሙ አሮጊቶችን ስለ ጋሼ ጠየቀች፤ እነሱ ግን ስለ አንዲት ሴት ነገሯት። ስትመለስ ጀንበር ዘቅዝቃለች።

ሰኞ ጠዋት፣ ከፍርድ ቤቱ ሰዓት በፊት፣ ሁሉንም በዚያችው ክፍል ሰበሰበች። ጋሼ ወልደዮሐንስ ከአንድ ፖሊስ ጋር ገቡ። አብዱልአዚዝ እጁን ከጃኬቱ ሥር አስገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ባርናባስም አይቶት፣ እንደ ዋዛ፣ ከፊቱ ሄዶ ቆመ። ፀሐይወርቅ ገበታውን ፎቶው ላይ እንዳለው ደርድራዋለች። ጋሼን በአንድ በኩል፣ ገሪማን ከፊታቸው አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ፈይሰል ሲሞት የነበረው ጨዋታ ይኸው ነው። ይዳስሱት።»

የሽማግሌው ጣቶች ገበታው ላይ እንደ ዝናብ ጠብታ ቀስ ብለው ወረዱ። ወዲያኛው ዳር ደርሰው ቆሙ።

«ይህ አረንጓዴ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ቀይ ነው፣ ጋሼ» አለች ሀምዲያ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጥርስ ወደ ላይ ከሆነ ለእኔ አረንጓዴ ነው። ቀይ አታውቀኝም፣ አላውቃትም።»

«ትክክል» አለች ፀሐይወርቅ። «ሌላ ገበታ ላይ ንጉሥ ይገለበጣል፤ እኔም እንዲያ ነው የማውቀው። በዚህ ገበታ ግን ወገን የሚለየው በጥርስና በጀርባ ነው። የተገለበጠ ቆርኪ ለጋሼ ንጉሥ ሳይሆን ጠላት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ንጉሥ ይደረባል። ሀምዲያ ደረበች። ባርናባስ ደረበ። እጃቸው ለምዶታል። እንግዲህ ይህን ጨዋታ ጋሼ አልተጫወቱትም፤ ከጋሼ ጋር ተጫውቶ የሚያውቅ ሰውም አላሰናዳውም። ፈይሰልን ከኋላው መትቶ፣ ከፊቱ ዓይነ ስውር ተቀምጦ ሲጫወት የነበረ ያስመሰለ፣ ጨዋታውን ከሩቅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

«እኔም አልተጫወትኩም» አለ አብዱልአዚዝ።

«አንተ ጨለለቅቱ ስታስጭን ግማሽ ከተማ አይቶሃል።» ወደ ገሪማ ዞረች። «‹ስንቴ አሸነፉኝ› ብለውኛል። በዚያው አፍዎ ሲያስተምሩኝ ቆርኪውን ገለበጡት። ተጫውተውት የማያውቁትን ጨዋታ ነው ለሰው የመከሩት።»

«ሕግ መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ለምን መከሩት? ፈይሰል እንደሚያፌዝ ያውቃሉ፤ ጋሼ እንደሚቆጡ ያውቃሉ። ጠቡን የፈለጉት እርስዎ ነዎት። ጋሼ ‹ዓርብ እመጣለሁ› ሲሉ ቀኑም ተገኘ። በሩን ሲያንኳኩም ከኋላው ትንፋሽዎን ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት። ደግሞ ጋሼ ሞተር በድምፁ እንደሚለዩ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ዲላ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ኢዲዶ ግን ሁሉም ያውቃል።»

የገሪማ እጆች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አላነሳቸውም።

«ኢዲዶ አንድ ልጅ ሞተር ላይ ሞቷል። ታሪኩ ይባላል። እዚያው ኩርባ ላይ እሸት ቡና የተሸከመች ሴት አብራ ሞታለች። የተረፈው ፈይሰል ነበር፤ ‹የነዳው ታሪኩ ነው› አለ። ታሪኩ የሰው ነፍስ ይዞ ሄደ ተባለ። እናቱ ሌላ ልጅ ነበራት፤ ከሌላ አባት የተወለደ፣ ከአባቱ ወገን ጋር ያደገ። አሮጊቶቹ ስሙን አልረሱም።»

«እናቴ በሯ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ለቅሶ ደራሽ ጠበቀች» አለ ገሪማ። ድምፁ የሰሌዳ ትምህርት አልነበረም። «አንድ ሰው አልመጣም። የነፍሰ ገዳይ እናት ናት አሉ። ልጇን ብቻዋን አለቀሰች፤ ዓመት ሳይሞላት እሷም ሄደች። የነዳው ፈይሰል ነበር፤ ዋሽቶ በሟች አሳበበ። በፈይሰል አልጸጸትም። በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጦ ሲስቅ አየሁት። እንደገና ቢነሳ እንደገና እመታዋለሁ።» ፊቱን ወደ ሽማግሌው መለሰ። «እርስዎ ደግሞ ያን ቀን መንገድ ዳር ተቀምጠው ነበር። ማን እንደነዳው ሰምተዋል። ሰምተው ዝም አሉ። ለእሱ ሞት፣ ለእርስዎ እስር፤ የእኔ ፍርድ ይህ ነበር።»

ጋሼ ወልደዮሐንስ ፊታቸውን ወደ ገሪማ ድምፅ መለሱ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። «ሊመረምሩ የመጡት ሰዎች በደጄ አለፉ። ‹እኔም ልናገር› ብዬ ተነሳሁ። ‹አባት፣ እርስዎ ምን አይተው› ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። እናትህ ዘንድ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ለማንም አትከፍትም ነበር።»

አብዱልአዚዝ እጁን ከጃኬቱ አወጣ። ባዶ ነበር። «ጋሼ» አለ፤ እንዲህ ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነው። «እውነት የነዳው ወንድሜ ነው?»

«ከፊት ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት። ከኋላው ልጁ ‹ቀስ በል› ይለው ነበር።»

አብዱልአዚዝ ወንድሙ በሞተበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ይዞት የዋለው ቁጣ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«ገሪማ» አሉ ጋሼ። «እዚህ ስትመጣ፣ ቆመህ ስታይ፣ ጫማህን አውቀው ነበር። ይህ ሰው ለምን አይቀመጥም እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ፊቴ ተቀምጠህ የእናትህን ስም ብትጠራልኝ፣ አንድ ቆርኪ ሳይነግሥ ሁሉን እነግርህ ነበር። በአደባባይም እመሰክርልህ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ፀሐይወርቅ ግን በእጇ አስቆመችው።

ጋሼ ወልደዮሐንስ የተገለበጠውን ቆርኪ በጣታቸው ፈልገው አገኙት። ወደ ጀርባው መለሱት፤ ሌላ ቀይ አንስተው ከላዩ ደረቡ። ቆርኪ በቆርኪ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ድምፅ ሰጠ። ገሪማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊታቸው ተቀምጦ አየው።