ከታጠፈው ገጽ በኋላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... ያነበብኩትም እኔው ነኝ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሐምሌ፣ በፈረንጆች 1993። ኩባ፣ ፒናር ዴል ሪዮ አጠገብ ያለች ትንሽ የሲጋር ፋብሪካ።

ሥራዬ ማንበብ ነበር። ሠላሳ ሰዎች ትምባሆ ሲጠቀልሉ፣ እኔ ከፍ ያለው ወንበር ላይ ሆኜ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ቀጥሎ የሚነበበውን እነሱ ድምፅ ሰጥተው ይመርጣሉ። ደስ ሲላቸው በቅጠል መቁረጫቸው ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ።

በዚያ ዓመት ወረቀት ጠፋ። ዳቦም፣ መብራትም። ያሉንን አርባ አንድ መጻሕፍት ጨረስን። አንዳንዱን አራት ጊዜ።

"ሌዮካዲዮ፣ ነገ ምን ልታነብልን ነው? የስኳር ራሽን ደብተራችንን?" አለችኝ ሶራይዳ። የፊተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሚስቴን ከቀበርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ቃላቱ ከአፌ ይወጣሉ፣ በቃ።

ከሥራ ስወጣ ዶን ኤቬሊዮ ቤት ሄድኩ። ከእኔ በፊት አንባቢ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ዘጠና ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ጠፍቷል።

አልጋቸው ሥር ዳብሰው አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። ሽፋን የለውም።

"አንብብላቸው። ይወዱታል።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የታጠፈ ገጽ አለ። እዚያ ስትደርስ... ዝጋው።"

"ለምን?"

"እኔ ዘግቼዋለሁ።"

"ለምን፣ ዶን ኤቬሊዮ?"

"የሠራተኞቹን እጅ ስላየሁ።"

እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

ማንበብ ጀመርኩ። መርከብ ስለሚጠብቅ አንድ ቤተሰብ ነው። ወደዱት።

በሁለተኛው ቀን ማንም አላሳለም። ትምባሆ ቤት ውስጥ ሳያስል የሚውል ሰው አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሶራይዳ አልቀለደችም።

በአራተኛው ቀን፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የታጠፈው ገጽ ጋ ደረስኩ።

"እዚህ ላይ ያበቃል" አልኩ። "ሌላ እንምረጥ።"



"ቀጥል" አለች ሶራይዳ በሹክሹክታ።

"ዶን ኤቬሊዮ እኮ..."

"ቀጥል።"

መቁረጫዎቹ ጠረጴዛውን መቱ። ሠላሳውም በአንድ ጊዜ... አንድ ምት ብቻ።

መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለእምቢታ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ገጹን ገለጥኩ።

ያነበብኩትን አላስታውስም። ድምፄን ብቻ አስታውሳለሁ... አንዴም ሳይደናቀፍ ሲፈስ።

የመውጫው ደወል ሲጮህ መጽሐፉን አየሁት።

ገጹ ባዶ ነው። ቀጣዩም ባዶ። እስከ መጨረሻው አንድ ፊደል የለም።

ቀና አልኩ።

ቅጠሉ ከምሳ በኋላ እንደቀረበ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። እጆቻቸው ግን ይጠቀልላሉ... ባዶ አየር።

"ሶራይዳ... ምንድነው ያነበብኩላችሁ?"

ቀስ ብላ አየችኝ።

"ገና አልጨረስክም።"

ከዚያ ሁሉም ተነስተው፣ ቦርሳቸውን ይዘው፣ እንደማንኛውም ቀን ወደየቤታቸው ሄዱ።

ማታ መጽሐፉን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ነደደ። እንደ ማንኛውም ወረቀት ነደደ። አመዱን ጠርጌ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። መጽሐፉ የለም ብዬ ልነግራቸው፣ ካስፈለገም የድሮውን ለአምስተኛ ጊዜ ልጀምርላቸው።

ዘበኛው የበሩን ሰንሰለት ከውጭ ፈታልኝ።

"ዛሬ ምን አስቸኮለህ? አንተ የመጀመሪያው ነህ" አለኝ እያዛጋ።

አዳራሹን ከፈትኩ።

ሠላሳውም ቦታ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ወንበሬ አዙረዋል።

እጃቸው አይንቀሳቀስም።

የሚንቀሳቀሰው አፋቸው ነው... የሁሉም እኩል... ያለ ምንም ድምፅ።