ስድስት እግር ያላት ፊደል

«ኧረ ተይኝ!» አለች ራዳ፣ ወረቀቱን ጨምድዳ እየወረወረች። ሰባተኛው መሆኑ ነው። በእነራዳ አገር ጽሕፈት ስድስት እግር ያላት የ«ዠ» ፊደል (Ж) መሃሏ ተጣብቆ ጥቁር እብጠት ሆኗል። የተረገጠች ጢንዚዛ ነው የምትመስለው።

ነገሩ የተጀመረው ባኒጻ የሚሉትን በአይብ የተሞላ ቂጣ የምትጋግረው ሌሊያ ጊና ለሱቋ ታፔላ ስታስብ ነው። «ዘመናዊ የሆነ፣ ከትራም ማዶ የሚነበብ ፊደል ሣሉልኝ» አለች ለሰፈሩ ተማሪዎች። የራዳ ጓደኛ ቦያና ወፋፍራም፣ ክብ ክብ፣ ጥግ የሌላቸው ፊደሎች ሣለች። ቀላል ይመስላሉ እንጂ ሁለት ሳምንት ፈጅተውባታል። በማስረከቢያው ቀን ትኩሳት ጣላትና ወረቀቱን ራዳ ይዛላት ሄደች። ስም አልተጻፈበትም።

«ውይ ሲያምሩ! የሚበሉ እኮ ነው የሚመስሉት!» አለች ሌሊያ ጊና። «አንቺ ነሽ የሣልሻቸው፣ የኔ ልጅ?»

ራዳን እንዲህ ያደነቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። «አዎ» አለች። ለቦያና ደግሞ «የሌላ ልጅ ተመረጠ» አለቻት። በዚሁ ያለቀ መስሏት ነበር።

ትናንት ግን ሌሊያ ጊና ጠራቻት። «ከሥር የእናቴን ስም ጨምሪልኝ፤ ዤችካ። ሱቁን የከፈተችው እሷ ናት፣ ነፍሷን ይማርና።» የስሙ መጀመሪያ የሆነችው «ዠ» ደግሞ ከቦያና ሥዕል ውስጥ የለችም።

ራዳ ስምንተኛውን አልሞከረችም። «የቤት ሥራ ነው» ብላ ቦያና ቤት ሄደች።

ቦያና ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «አንቺ፣ ምስኪኗን አነቅሻት እኮ! እግሮቿ መሃል ላይ ሲገናኙ ትንሽ ይቅጠኑ። ዓይን አያውቅባቸውም።» እርሳስ አንስታ ሣለችላት። «አየሽ? አሁን ትተነፍሳለች። ውሰጃት፤ እኔማ ካልተመረጥኩ ወዲህ መሣል አስጠልቶኛል። አልችልበትም መሰለኝ።»

ራዳ ወረቀቱን ቶሎ ብላ አጣጠፈችው። ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ ራሷን ጠላች።

ቅዳሜ ጠዋት ታፔላ ቀቢው፣ ሰፈሩ «ባይ» (ጋሼ) የሚለው ኮልዮ፣ ሥራውን ጨርሶ ከመሰላሉ ወረደ። ሌሊያ ጊና የእናቷን ስም ስታይ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። ባይ ኮልዮ ለራዳ ቀጭን ብሩሽ ዘረጋላት።

«ነይ እስቲ ጎበዟ፣ ጥጉ ላይ ስምሽን ጻፊ። የሣለ ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ደንብ ነው።»

ራዳ ብሩሹን ተቀብላ ቆመች። ብሩሹን ወደ ጥጉ አስጠጋችና መለሰችው።

«የእኔ አይደሉም» አለች በመጨረሻ። «ሁሉንም የሣለችው ቦያና ናት። ዋሽቼ ነው።»

ሌሊያ ጊና ሽርጧን ከዓይኗ አወረደች። «ታዲያ ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? ሂጂና ለእሷ ንገሪያት።»

ባይ ኮልዮ ብሩሹን ከነቀለሙ በላስቲክ ጠቀለለላት። «እንዳይደርቅ» አለ።

ቦያና በሩን የከፈተችው በፒጃማ ነበር።

«ተመርጠሽ ነበር» አለች ራዳ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ። «የእኔ ነው ብዬ ወሰድኩብሽ። የትናንቷም ፊደል ለታፔላው ነበረች። ስምሽን እንድትጽፊ ይጠብቁሻል።»

የቦያና ፊት ቀላ። «አልችልበትም ስልሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?»

«ዝም አልኩሽ።»

በሩ ተዘጋ።

ራዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ። ቦያና እስክትወጣ ትጠብቃለች፤ ዛሬ ካልወጣች ነገም ትመጣለች። ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ አየች። ብሩሹ ገና እርጥብ ነው።