ለአበቦቹ ብቻ

ይህን ተረት ነው የሚል ካለ፣ ግቢው ዛሬም በቦታው አለና ሄዶ ግንቡን ይጠይቅ...

በፈረንጆቹ 2009፣ በሐምሌ ወር፣ ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኻምሲን የተባለው እሳት የላሰ ነፋስ መንገዱን ጠርጎ፣ ወንዱ ሁሉ ከጫቱ ጋር የተከተተበት ሰዓት።

ዘቢባ፣ የድሬዳዋዋ ነጋዴ፣ በረንዳዋ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀያዮቹን የሂቢስከስ አበቦች ታያለች።

ውሃ ከነፈገቻቸው ወራት አልፈዋል።

እንዲሞቱላት ነበር።

አልሞቱም...

የሂቢስከስ አበባ ጠዋት ፈክቶ ማታ የሚረግፍ የአንድ ቀን እንግዳ ነው። እነዚህ ግን አይረግፉም። አፈራቸው አመድ ሆኗል፤ ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። ንብ አይቀርባቸውም። ነቅላ ልትጥላቸው እጇን በዘረጋች ቁጥር እጇ ይከዳታል።

ባለፈው ዓመት፣ በዚሁ ቃጠሎ፣ ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ወደ አርታ ተራራ ልትወጣ ስትል፣ የቤት ሠራተኛዋን ውዴን ወደ በርሜሉ ወሰደቻት። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ለአበቦቹ ጣፋጭ ውሃ ታስገዛ ነበር።

«ይሄ ለአበቦቹ ብቻ ነው። አንቺ እንዳትነኪው!»

«እትዬ፣ ከባልዎ አስበልጠው ይወዷቸዋል እኮ!» ውዴ ሳቀች።

«ባሌ ሲጠማው ይጮኻል። እነዚህ ግን ዝም ብለው ነው የሚሞቱት።»

ከዚያ፣ ባሏም ለንግድ ርቆ ነበርና፣ ‹ሠራተኛ ይኮበልላል› በሚል ስጋት በሩን ከውጭ ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ ሄደች። ሁለት ቀን ያለችው፣ ብርዱ ጣማትና ሳምንት አለፈው።

በመሃሉ ቧንቧው ደረቀ።

ስትመለስ አበቦቹ ርሰው፣ ፈክተው ጠበቋት። ውዴ ግን በርሜሉን ተደግፋ... በድን ሆና ነበር። በርሜሉ እስከ ግማሹ ውሃ ነበረበት።

ለጠየቃት ሁሉ «ትኩሳት ነው» አለች። ሁሉም አመናት። ያላመነቻት ራሷ ብቻ ነበረች።

አሁን በሩ ተንኳኳ።

የውዴ ወንድም ነው፤ ኃይለሚካኤል፣ ከወደቡ ጭነት የሚያነሳ የከባድ መኪና ሹፌር። ገብቶ ከአበቦቹ አጠገብ ተቀመጠ። ውሃ አቀረበችለት፤ አልነካውም።

«እትዬ፣ እናታችን እህል አልወርድ ብሏታል። ‹ልጄን ምን ገደላት?› ትላለች። እውነቱን ብነግራት ትረጋ ይሆናል።»

እውነቱ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ይህች ቅጽበት ካመለጠቻት ዳግም እንደማትመለስ ዘቢባ አውቃለች...

«ት... ትኩሳት» አለች።

ወዲያው ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ።

ለእንግዳው የቀዳችውን ብርጭቆ አንስታ ጨለጠችው። ጥሙ ባሰባት። ጆጉን አነሳች። ጠጣች... ጠጣች...

«እትዬ» አለ ኃይለሚካኤል በሹክሹክታ፣ ወለሉን እያየ። «ይሄ... ከየት ነው የሚመጣው?»

እሷ በተጎነጨች ቁጥር፣ ከደረቀው የአበባ ማሰሮ ሥር ንጹሕ ውሃ ይፈልቃል።

ልታቆም ሞከረች። እጇ አልታዘዛትም።

ውሃው በረንዳውን አቋርጦ፣ ውዴ ታድርበት ወደነበረው ክፍል አመራ። በተዘጋው በር ሥር ሾልኮ ገባ።



ከውስጥ... አንድ ሰው በስስት ይጎነጭ ነበር።