ሲወጣ የሚዘጋ በር

የአደይ መልእክት ገባ።

ክንፈሚካኤል አንገቱን ሳያነሳ አነበበው። ጥይት የጫነው መኪና በሽንዲ መንገድ ነው፤ ጥይቱ ከበቆሎው ጆንያ ሥር። መልእክቱን ፍኖተ ሰላም ወዳሉት ባልደረቦቹ አሳለፈው። ደረሰ።

ቡሬ ባለው በዚህ የእህል መጋዘን ሰው የሚያውቀው በሚዛን ጠጋኝነቱ ነው። ትንሿ ኮምፒውተር ሚዛኑ ሆድ ውስጥ ተደብቃለች። አደይ የምስጢር ስም ነው፤ ውጭ ተቀምጠው የጆንያ አፍ ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ ናት። እሱ ያውቃታል። እሷ አታውቀውም። መልእክት የሚያሳልፈው ፕሮግራም እስኪያበቃ ድረስ ግን የስልኳ ቁጥር ኮምፒውተሯ ውስጥ ተገልጦ ይቆያል። ቁጥሩ ከተገኘ ትሞታለች።

ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

በሩ ተከፈተ።

ደጀኔ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ሆኖ የእሱን መልእክት የሚቀበለው የሥራ ጓደኛው። እዚህ መምጣት አልነበረበትም። ከኋላው የመጋዘኑ ባለቤት ያረጋል ሽጉጥ ይዞ ገባ።

«እሱ ነው» አለ ደጀኔ።

የሽጉጡ እጀታ የክንፈሚካኤል አፍ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ።

«አያ ሚዛን ጠጋኝ!» አለ ያረጋል። «ቤቴን ስትመዝንልኝ ከረምክ አሉ። ከውስጥ የሚነግርህ ማን ነው?»

ክንፈሚካኤል ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

ያረጋል የክንፈሚካኤልን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ያዘው። የብረቱን የሚዛን ድንጋይ አነሳ።

መታው።

አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ውጭ የሚያጓራው ወፍጮ ጩኸቱን ዋጠው።

«የመብራቱን ገመድ ነቅዬ እቃውን ልውሰደው?» አለ ያረጋል ወደ ደጀኔ ዞሮ።

ክንፈሚካኤል የፈራው ይህን ብቻ ነበር። መብራቱ በድንገት ከተቋረጠ ፕሮግራሙ ወግ ባለው መንገድ አይወጣም። ካልወጣ ደግሞ ምንም አይዘጋም፤ የአደይ ቁጥር እንደተገለጠ ይቀራል።

«እሱም ይሆናል» አለ ደጀኔ። «ግን የይለፍ ቃሉን ያስገባ። ልክ ከሆነ ይከፈታል። ቢሳሳትም ያው ነው። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የከፈትከውን ሁሉ በየመውጫው ራስህ መዝጋት አለብህ። እሱ ቃሉ ሲሳሳት የሚወጣበትን መውጫ መዝጋት ረስቷል፤ የጻፈውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቁጥሩ ተገልጦ ይቀራል።»

«ታዲያ የተሳሳተውን አንተው አታስገባም?»

«እሱ ይሽጣት እንጂ። ብቻዬን ይሁዳ አልባልም።»

ደጀኔ ያየው የድሮውን ነበር። ባለፈው ሳምንት ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም በተከራያት ክፍል ተቀምጦ፣ በየመውጫው የጻፋቸውን መዝጊያዎች ሁሉ ሰርዟቸዋል። በምትካቸው፣ በሚከፍተው ትእዛዝ ላይ የሚዘጋውን አሰረ። አንድ ጊዜ፣ እዚያው። ያደገበት የግሽ ዓባይ ቤተ ክርስቲያን የአጥር በር እንዲህ ነበር፤ ከኋላው ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎበታል። ቄሱ ቢወጣም ሌባው ቢወጣም ራሱ ይዘጋል። ለደጀኔ አልነገረውም። ለወሬ የሚበቃ ነገር አልመሰለውም ነበር።

አዘጋጉ ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል፤ የአደይ ቁጥር፣ ቀጥሎ መልእክቶቹን የሚፈታው የምስጢር ቁልፍ፣ በመጨረሻም ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደው የእሱ መስመር።

ያ ከተዘጋ የሚደርስለት የለም።

በግራ እጁ ጻፈ። የማይሆን ቃል።

«እሰይ!» አለ ደጀኔ ጎንበስ ብሎ።

ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«የታለ?» አለ ያረጋል።

«እዚህ... እዚህ ጋ መቅረት ነበረበት።»

«እኔንም ልትሸጠኝ ኖሯል! ሁለታችሁም አንድ ናችሁ!»

ተኮሰ። ደጀኔ በቆሎው ላይ ወደቀ።

ሽጉጡ ወደ እሱ ሳይዞር ክንፈሚካኤል የሚዛን ድንጋዩን በግራ እጁ አነሳ። የያረጋል ግንባር ላይ አሳረፈው። ደገመው። የያረጋል እጅ መንቀጥቀጡን እስኪተው ደጋገመው።

ደጀኔ ገና አልሞተም ነበር። በቆሎው ከሥሩ ቀልቷል።

«መቼ... ቀየርከው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ሳትነግረኝ?»

«ትንሽ ነገር ነበረች፣ ደጀኔ።»

ደጀኔ መልሱን ሳይሰማ ሞተ።

ክንፈሚካኤል የተሰበረ እጁን በጆንያ ጠቅልሎ በኋላ በር ወጣ።

ከሁለት የገበያ ቀን በኋላ ጅጋ ከተማ የሰዉ ሁሉ ወሬ በሽንዲ መንገድ የተያዘው መኪና ነበር። መስመሩ ስለጠፋ ፍኖተ ሰላም ያሉት ባልደረቦቹ ሞቷል ብለው ደምድመዋል። አላረማቸውም።

አውቶቡስ ሲጠብቅ አጠገቡ አንዲት ሴት መርፌ ይዛ ጆንያ ስትሰፋ አየ። አደይ ናት፤ የያረጋል መጋዘን ሲዘጋ ወደዚህ ሳትመጣ አልቀረችም።

«እጅዎን ምን አገኘዎት?»

«ሚዛን ወደቀብኝ።»

«ውይ! በምን ይጎርሳሉ ታዲያ?»

«በግራዬ ነዋ።»

«በግራ ከመጉረስስ የሚያጎርስዎ ይስጥዎ!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም።

ስሙን አልጠየቀችውም። ብትጠይቀውም የሚሰጣት ስም ገና አልነበረውም።

አውቶቡሱ መጣ።